ሙቀትን ሲያጠና የድምፅን ቋጠሮ የፈታው ሰው

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ፈረንሳዊ ነው። የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ወላጆቹን ያጣ፣ ገዳም ገብቶ የወጣ፣ ሁለት ጊዜ ታስሮ ለጥቂት የተረፈ፣ ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የዘመተ፣ ቆይቶም አውራጃ ያስተዳደረ። ይሄ ሁሉ ሆኖ ስሙ ዛሬም የሚነሳው በሌላ ነገር ነው። ስልካችሁ ላይ ዘፈን ስትከፍቱ፣ ሰርግ ቤት የዘፋኙ ድምፅ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ሲያስተጋባ፣ ከጀርባ የሱ ሒሳብ አለ። ዦዜፍ ፉሪየር ይባላል። ፈረንሳዮቹ ፉሪዬ ነው የሚሉት፤ እኛ አገር ትምህርት ቤት የተለመደው ፉሪየር ስለሆነ በዚያው እንቀጥላለን። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልን።

ለምን እሱን መረጣችሁ ካላችሁን፣ ነገሩ የመጣው ከዚሁ ከአዳማ ነው። ክራር የሚጫወት አንድ ወዳጃችን ሰሞኑን ከምሳ ዕቃ የምታንስ ሳጥን ሠርቷል። ውስጧ ያለው ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ነው። መጠኑ የባንክ ካርድ ያክላል፤ ፕሮሰሰሩም፣ ሚሞሪውም፣ የዩኤስቢ መሰኪያውም አንዲት ሰሌዳ ላይ ነው ያለው። እንግሊዞቹ በ2012 ገበያ ሲያወጡት ዋጋው 35 ዶላር ነበር፤ ያሰቡት ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩበት ነው። ሙዚቀኞች ግን ለሌላ ሥራ አዋሉት። ወዳጃችን የክራሩን ገመድ ይሰካበታል፣ ሳጥኗ ድምፁን ተቀብላ ታስረዝመዋለች፣ ስትፈልግ ታሻክረዋለች፣ ስትፈልግ የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ እንደተመታ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ወደ ሚክሰሩ ትልከዋለች። በእግር የሚረገጡት የውጭ ፔዳሎች አብዛኞቹ አንድ አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት፣ ዋጋቸውም የሚቀመስ አይደለም። እዚህ ግን ጊታሪክስን ወይም ፒዩር ዳታን የመሰለ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ከተጫነ ሁሉም በአንድ ሳጥን ይገኛል። (ልትሞክሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ቀድማችሁ ዕወቁ፤ ሰሌዳው ላይ የድምፅ መግቢያ የለም። ለብቻው ሳውንድ ካርድ የግድ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋም የሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ስለሚችል በፓወር ባንክ ማሠራቱ ሳይሻል አይቀርም።)

እዚህ ላይ ከባዱ ነገር ድምፁን መቀየር አይደለም፤ በሰዓቱ መቀየር ነው። ኮምፒዩተር ድምፅን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የክራሩን ንዝረት በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ ይመዘግባል፣ ከዚያ ለምሳሌ 128 ቁጥር በአንድ እየቋጠረ ለሶፍትዌሩ ያቀብላል። ይሄ በሰከንድ 375 ቋጠሮ ይሆናል፤ ለአንዱ ቋጠሮ የተሰጠው ጊዜ 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። እንጀራ የሚጋግር ሰው አስቡ። ሊጡን አስፍቶ፣ ከድኖ፣ በስሎ ሲያወጣ ምጣዱ ቀጣዩን ይፈልጋል፤ ቆይ ቢሉት አይጠብቅም፣ ያራል። ሳጥኗም አንዱን ቋጠሮ ሳትጨርስ ቀጣዩ ከደረሰባት ስፒከሩ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ዘፈኑ ይቆራረጣል። ቋጠሮውን ትልቅ በማድረግ ጊዜ መግዛት ይቻላል፤ ግን ድምፁ ይዘገያል። የ10 ሚሊሰከንድ መዘግየት ከስፒከሩ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደመቆም ስለሆነ ብዙም አይረብሽም። 50 ሲደርስ ግን የተጫዋቹ ጣትና ጆሮ ይጣላሉ። የሊኑክስ ሰዎች ሥራው በሰዓቱ እንዲደርስ የሚያደርግ ከርነል ሲያበጁ ሃያ ዓመት ገደማ የፈጀባቸው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ነው፤ በዋናው ሊኑክስ ውስጥ የተጠቃለለላቸው በ2024 ነው።

ታዲያ በ3 ሚሊሰከንድ ውስጥ ያን ሁሉ ስሌት እንዴት ታደርሰዋለች? የልብስ ሰፊው ልጅ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ፉሪየር የተወለደው ማርች 21 ቀን 1768 በፈረንሳይዋ ኦሴር ከተማ ነው። ቤቱ ልጅ የበዛበት ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እናትም አባትም አልነበሩትም። ደግነቱ የቤኔዲክት መነኮሳት የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ከተማው ውስጥ ነበርና እዚያ ገባ። ሒሳብ ያዘው። ቀን የተማረው አልበቃ ብሎት በየቦታው የተጣለ የሻማ ቁራጭ እየለቀመ ሌሊት ያጠና ነበር ይባላል። በኩራዝ ያጠናችሁ የኛ ሰዎች ይሄን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ከዚያ መድፈኛ ወይም የጦር መሐንዲስ ለመሆን አመለከተ፤ የመኳንንት ዘር ስላልሆነ አልተቀበሉትም። ሒሳቡን ፈትነው ቢጥሉት አንድ ነገር ነው። ዘሩን ነው የጠየቁት።

ሌላ መንገድ ሲያጣ ገዳም ገባ። ሊመነኩስ ሲዘጋጅ ደግሞ የ1789 አብዮት ፈነዳ፤ ሳይመነኩስ ወጣ፣ ኦሴር ተመልሶ በተማረበት ትምህርት ቤት ያስተምር ጀመር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከፖለቲካ መራቅ ቀላል አይደለም፤ በ1793 የከተማውን አብዮታዊ ኮሚቴ ተቀላቀለ። ኦርሌአን ከተማ በሥራ ተልኮ ሳለ በቡድኖች ጠብ መሐል ገብቶ ለአንደኛው ወገን ተናገረ። በዚህ መዘዝ በ1794 ታሰረ። ያኔ ታሰረ ማለት ጊሎቲኑን መጠበቅ ማለት ነበር። ያዳነው የሮቤስፒየር መውደቅ ነው፤ ሮቤስፒየር ጁላይ 28 አንገቱ ሲቀላ የእስር ቤቶቹ በር ተከፈተ፣ ፉሪየርም ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ተመልሶ ታሰረ። ክሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሮቤስፒየር ደጋፊ ነበርክ የሚል! እሱን ካሰረው መንግሥት ጋር ነበርክ ተብሎ መታሰር እንግዲህ ምን ይባላል። አብዮት አይተናል የምትሉ አንባቢዎቻችን ነገሩ የሚገባችሁ ይመስለናል። ከዚያም ተፈታ።

በሁለቱ እስሮች መሐል ግን ሕይወቱን የቀየረ ነገር ሆኗል። በ1795 ፓሪስ ላይ መምህራንን የሚያሠለጥን አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት ተመርጦ ገባ። አስተማሪዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስና ሞንዥ ነበሩ፤ በዘመኑ በሒሳብ ከነሱ በላይ የሚባል ሰው በአውሮፓ ብዙ አልነበረም። በ1797 በኤኮል ፖሊቴክኒክ የላግራንዥን ወንበር ተረከበ። የላግራንዥን ስም ያዙልን፤ ኋላ ላይ ይመለሳል።

በ1798 ናፖሊዮን ግብፅ ሲዘምት ከወታደሩ ሌላ ብዙ ሊቃውንት ይዞ ነበር፤ ፉሪየር አንዱ ነው። ካይሮ ላይ የተቋቋመው የግብፅ ተቋም ዋና ጸሐፊ ሆነ። ናፖሊዮን በሚቀጥለው ዓመት ሹልክ ብሎ ወደ ፓሪስ ሲሄድ ፉሪየር እዚያው ቀረ፤ እስከ 1801 ድረስ የተመራማሪዎቹን ሥራ ሲያስተባብር ቆየ። ከግብፅ ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ ይባላል። አንዱ ለጥንታዊቷ ግብፅ ያደረበት ፍቅር ነው፤ ሌላው ለሙቀት ያደረበት ነው። የበረሃ ሙቀት ጤና ነው ብሎ አምኖ ቀሪ ዕድሜውን ቤቱን እንደ ምድጃ እያጋለ፣ በላዩም ልብስ ደራርቦ ኖሯል።

ካይሮን ካነሳን አይቀር አንዲት ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። ፉሪየር ከተማዋን ከለቀቀ ከ143 ዓመት በኋላ፣ በ1944፣ ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባል ወጣት ግብፃዊ እዚያው ካይሮ ከሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መቅጃ ተውሶ ሴቶች ዛር ሲያወርዱ ቀዳ። (ዛር እንግዲህ እኛም ቤት ያለ ነው።) ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ የዋናውን ድምፅ መሠረት እየነቀለ፣ በላዩ የሚረብበውን ብቻ እያስቀረና እያስተጋባ ቀየረው። በመሣሪያ ድምፅን እየለወጡ ሙዚቃ በመሥራት ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዱ እሱ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ ክራሩን፣ መሲንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበው ቡድን ነው። የወዳጃችን ሳጥን ዘመዶቿ ሩቅ አይደሉም ለማለት ነው።

ወደ ፉሪየር እንመለስ። ፓሪስ ገብቶ ማስተማሩን እቀጥላለሁ ሲል ናፖሊዮን በ1802 የኢዜር አውራጃ አስተዳዳሪ አድርጎ ግሬኖብል ላከው። ደስ ብሎት የሄደ አይመስልም፤ ለናፖሊዮን ግን እምቢ አይባልም። አስተዳዳሪነቱ የይስሙላ አልነበረም። ቡርጉዋን አካባቢ ወባ የሚፈላበት ትልቅ ረግረግ ነበር፤ መሬቱ የብዙ መንደሮች በመሆኑ ዘመን ሙሉ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። ፉሪየር ከየመንደሩ ሰው ጋር እየተቀመጠ አስማማቸውና ረግረጉ ተጠፈፈ። ወንጂና መተሐራ ያደጋችሁ ረግረግና ወባ ምን እንደሆነ ስለምታውቁ ይሄ ብቻውን የሰው ዕድሜ ሥራ እንደሆነ አይጠፋችሁም። ከግሬኖብል ወደ ቶሪኖ የሚወስደውን መንገድም አሠርቷል። ኋላ የግብፅን ሂሮግሊፍ ያነበበው ሻምፖሊዮን ያኔ ግሬኖብል የሚማር ልጅ ነበር፤ ከውትድርና እንዲቀር ፉሪየር ረድቶታል።

ይሄን ሁሉ እየሠራ በትርፍ ጊዜው ሙቀት ያጠና ነበር። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ አንድ ብረት በአንድ በኩል ቢግል ሙቀቱ ወደ ሌላው የሚሄደው እንዴት ነው? ከሙከራዎቹ በአንዱ የብረት ቀለበት ወስዶ በአንድ በኩል አጋለውና ዙሪያውን በየቦታው ቴርሞሜትር ተከለ። መጀመሪያ ሙቀቱ በአንድ ወገን ተከምሮ ነበር። ጥቂት ሲቆይ ወጣ ገባው እየለዘበ መጥቶ ቀለበቱን የሚዞር አንድ ለስላሳ ሞገድ ብቻ ቀረ። ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ በሒሳብ ሳይን የሚባለው ሞገድ።

ፉሪየር ከዚህ ተነስቶ የደረሰበት ሐሳብ ነው ጉድ ያፈላው። ምንም ዓይነት ቅርፅ፣ የተሰበረም ይሁን፣ ጥግ ያለውም ይሁን፣ ድንገት የሚዘልም ይሁን፣ በለስላሳ ሞገዶች ድምር ሊሠራ ይችላል አለ። አንድ ትልቅ ሞገድ፣ በላዩ እጥፍ የሚፈጥን ትንሽ ሞገድ፣ በላዩ ሦስት እጥፍ የሚፈጥን፣ እያለ ይሄዳል። የሙቀቱ ነገር ቀላል የሚሆነውም ያኔ ነው፤ ቅርፁን ወደ ሞገዶቹ ፈትቶ እያንዳንዱን ለብቻው መከተል ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው አራት እጥፍ ፈጥኖ ይጠፋል፣ ሦስተኛው ዘጠኝ እጥፍ። ቀለበቱ ላይ በመጨረሻ አንድ ሞገድ ብቻ የቀረው ለዚህ ነው።

ክራር የምትመቱ ሰዎች ይሄን በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ጅማት ስትመቱ የምትሰሙት አንድ ድምፅ አይደለም። ጅማቱ በሰከንድ 220 ጊዜ ቢርገበገብ ከሱ ጋር 440ም፣ 660ም፣ ከዚያ በላይም አብረው አሉ። የክራር ድምፅ ከጊታር፣ ከመሲንቆ የሚለየው በዚህ ቅመም መጠን ነው። ገና ሲመታ ስል ነው፤ ቆይቶ ሲለዝብ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ነው፣ ወፍራሙ ይቀራል። ልክ እንደ ቀለበቱ።

ፉሪየር ዲሴምበር 21 ቀን 1807 ጽሑፉን ለፓሪሱ ተቋም አቀረበ። ገምጋሚዎቹ እነማን ነበሩ? የድሮ አስተማሪዎቹ ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥ፣ እና ላክሯ። ላግራንዥ አልተቀበለውም። ከምቀኝነት ነው ብለን እንዳንወስድ፣ ቂሙ የቆየ የሙያ ክርክር ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ዳንኤል በርኑሊ የሚርገበገብ ጅማት እንቅስቃሴ የሳይን ሞገዶች ድምር ነው ብሎ ነበር። ኦይለር አልተስማማም፤ ወጣቱ ላግራንዥም አልተስማማም። አሁን በሰባዎቹ ዕድሜው፣ ሞቶ ተቀበረ ያለው ሐሳብ በሙቀት በኩል ዞሮ ፊቱ ቆመ። ጥግ ያለው ነገር ጥግ ከሌላቸው ነገሮች እንዴት ይሠራል? ጥያቄው ባዶ አልነበረም። የፉሪየር ማረጋገጫ ክፍተት ነበረበት፤ መቼ እንደሚሠራ መቼ እንደማይሠራ በደንብ የለየው ዲሪክሌ የሚባል ወጣት ነው፣ እሱም በ1829።

ጽሑፉ ሳይታተም ተቀመጠ። ተቋሙ በሙቀት ጉዳይ ውድድር አወጣ፤ ፉሪየር በ1811 አሻሽሎ ላከ፣ በ1812 መጀመሪያ ሽልማቱን አሸነፈ። ሽልማቱ ግን ከነትችቱ ነው የመጣው፣ ጥራት ይጎድለዋል የሚል። አሁንም አልታተመም። እስቲ አስቡት፤ አሸንፈሃል ተብሎ ሥራው መሳቢያ ውስጥ!

መሐል ላይ ደግሞ ፖለቲካው መጣ። በ1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት አምልጦ ወደ ፓሪስ ሲገሰግስ መንገዱ በግሬኖብል ነበር። ፉሪየር ያኔ ለንጉሡ ያደረ ባለሥልጣን ነው፤ ናፖሊዮን በአንዱ በር ሲገባ እሱ በሌላው ወጣ። ናፖሊዮን ተቆጣ፣ ከዚያ ይቅር አለውና የሮን አውራጃ አስተዳዳሪ አደረገው። ተቃዋሚዎችን እንዲያባርር ሲታዘዝ ሥልጣኑን ለቀቀ። ናፖሊዮን ዳግም ሲወድቅ በንጉሡ ዘንድ የናፖሊዮን ሰው ተብሎ ተገፋ። በ1816 የሳይንስ አካዳሚው አባል አድርጎ ሲመርጠው ሉዊ 18ኛ አላጸድቅም አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግመው መረጡት፣ ገባ።

ከዚያ በ1822 የሙቀት ትንተናዊ ንድፈ ሐሳብ የተባለው መጽሐፉ ወጣ። ከመጀመሪያው ጽሑፍ 15 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የአካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆነ። ሥልጣኑን ሲይዝ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ፣ ያንን መሳቢያ ውስጥ የቀረውን የ1811 ጽሑፍ ምንም ሳይለውጥ በአካዳሚው መዝገብ ማሳተም ነው። ላግራንዥ በ1813 ሞቶ ስለነበር አላየውም። እኛ በበኩላችን ከመላ ሕይወቱ ይቺን ነገር እንወዳታለን፤ ቅር ማለቱን በቃል ሳይሆን በማተሚያ ቤት ነው የተናገረው።

አሁን ወደ ሳጥኗ። ክራሩን የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ ያለ ማስመሰል እንዴት ይሆናል? አዳራሹ ውስጥ አንዴ ያጨበጭቡና ማስተጋባቱ እስኪጠፋ ይቀዱታል፤ የአዳራሹ አሻራ ያ ነው። ከዚያ የክራሩን እያንዳንዱን ቁጥር በዚያ አሻራ እያባዙ መደመር ነው። ማስተጋባቱ 2 ሰከንድ ቢሆን አሻራው 96,000 ቁጥር ይሆናል፤ በሰከንድ ከሚመጣው 48,000 ቁጥር ጋር ሲባዛ ከ4.6 ቢሊዮን በላይ ማባዛት በሰከንድ ማለት ነው። ይሄን ለአንዲት ካርድ ለምታክል ሰሌዳ ስጧትና ጉዷን እዩ። በፉሪየር መንገድ ግን ድምፁም አሻራው ወደ ሞገዶቻቸው ይፈታሉ፤ ያ ሁሉ የተወሳሰበ ማባዛት እዚያ ሲደርስ ሞገድን በሞገድ አንድ ለአንድ ማባዛት ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ድምፅ ይደረጋል።

መፍታቱ ራሱ ጊዜ የሚበላ ነበር። እሱን ያቀለሉት ኩሊና ተኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1965 ባሳተሙት ዘዴ 1,024 ቁጥሮችን ለመፍታት ሚሊዮን ያህል እርምጃ ይጠይቅ የነበረው ወደ 10,000 ገደማ ወረደ። ኋላ ሲጣራ ደግሞ ጀርመናዊው ጋውስ ተመሳሳይ ዘዴ በ1805 አካባቢ ጽፎ አስቀምጦት ተገኘ፤ ፉሪየር ጽሑፉን ከማቅረቡ በፊት መሆኑ ነው! ሲሞት ነው የታተመለት፣ ያኔም ልብ ያለው አልነበረም። (ሁሉም ኢፌክት ፉሪየርን ይፈልጋል ማለታችን አይደለም። ድምፅን አዘግይቶ መድገም ወይም ማሻከር ያለሱም ይሠራል። ማስተጋባት፣ ቃና መቀየርና የድምፅን ቅመም መመርመር ላይ ሲደርስ ነው የሚገባው።)

ፉሪየር ሳጥኗ ውስጥ ያለው በዚህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከሌላ አቅጣጫም ይመጣል፤ በሙቀት። ራስቤሪ ፓይ ፕሮሰሰሩ 80 ዲግሪ ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለሌላ ሥራ ይሄ ችግር የለውም፣ ትንሽ ይዘገያል በቃ። ለድምፅ ግን የ3 ሚሊሰከንዱ ቀጠሮ አይለወጥም፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ክራሩ መቆራረጥ ይጀምራል። የፉሪየር ሕግ ደግሞ ሙቀት የሚፈሰው በልዩነት መጠን ነው ይላል። 20 ዲግሪ አየር ባለበት ቤት ባለ 80 ዲግሪ ፕሮሰሰር 60 ዲግሪ ልዩነት አለው፣ ሙቀቱን በደንብ ያወጣል። ከሰዓት በኋላ ድንኳን ውስጥ፣ መተሐራ ላይ፣ አየሩ 38 ሲሆን ልዩነቱ 42 ብቻ ይቀራል። በላዩ ሳጥኗ ጥቅጥቅ ያለች ፕላስቲክ ከሆነች ፕላስቲክ ሙቀት አያሳልፍም፤ አልቆላታል ማለት ነው። እንግሊዝ ቤት ውስጥ ያለ ማራገቢያ የሚሠራ ነገር ስምጥ ሸለቆ ላይ እንዲያው አይሠራም። ወዳጃችን ሳጥኗን በአሉሚኒየም ለወጣት፣ ፕሮሰሰሩንም ከአሉሚኒየሙ ጋር አገናኘው፤ ማራገቢያም ነበረው፣ ጩኸቱ በማይኩ ስለሚገባ አወጣው። የማስተጋባቱንም ርዝመት ከ3 ሰከንድ ወደ 2 ቀነሰ። ሰርግ ላይ ልዩነቱን የለየ ሰው የለም።

ሰውየው ስለ ሙቀት የጻፈው ለብረት ቀለበት ብቻ አይደለም። በ1824 የምድርን ሙቀት አስመልክቶ ሲጽፍ፣ አየር የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ የምድርን ሙቀት ግን እንደሚይዝ አስረድቷል፤ ዛሬ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚነገረው ወሬ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ ስለሚወጣው ሙቀትም አስልቷል። ሶደሬ ላይ የምትታጠቡበት ፍል ውሃ፣ ላንጋኖ አጠገብ አሉቶ ላይ ከጉድጓድ የሚወጣው እንፋሎት፣ ስንት ሙቀት ከምን ያህል ጥልቀት ይመጣል ተብሎ ሲሰላ መነሻው ይኸው ሕግ ነው።

በመጨረሻ ዓመታቱ ጤናው ታወከ፣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ቤቱን ማጋሉን፣ ልብስ መደረቡን አልተወም። በሜይ 1830 መጀመሪያ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ ሜይ 16 ቀን በ62 ዓመቱ ፓሪስ ላይ ሞተ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የተቀበረው ፔር ላሼዝ በሚባለው መካነ መቃብር ነው፤ መቃብሩ በግብፅ ምልክት ያጌጠ ነው። የኤፍል ማማ ላይ ከተቀረጹት 72 የፈረንሳይ ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ስሞች አንዱ የሱ ነው። የተወለደባት ኦሴርም በ1849 የነሐስ ሐውልት አቁማለት ነበር። ሐውልቱ አሁን የለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለመሣሪያ መሥሪያ ተብሎ እሳት ውስጥ ገብቶ ቀለጠ።